ከኒካሁ በፊት የተሰጠ ደም

ባሏ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ መሆኑን ሲነግራት ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም። ሃይማኖቱ እንደሚፈቅድለት ታውቃለች፤ አባቷም ሁለት ቤት ነበራቸው፣ እሷንም ሁለቱ እናቶቿ እኩል ተቆጥተው እኩል አቅፈው ነው ያሳደጓት። የከነከናት ሌላ ነው። ሰውየው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ይከርማል። ሰሞኑን ደግሞ ከጉዞ ሲመለስ መብራት ካልጠፋ ልብሱን አያወልቅም። መዳፉ ላይ ስለወጣው ሽፍታ ብትጠይቀው፣ የናፍጣ ነው ብሎ አለፋት።

"እንግዲያው ሦስታችንም እንመርመርና ኒካሁ ይታሰር" አለችው።

ፊቱ ጠቆረ። የማገባት ባሏ የሞተባት ጨዋ ሴት እንዴት ትጠረጠራለች ብሎ ቱግ አለና በሩን ወርውሮት ወጣ። እሷ ግን ስለ ሴትየዋ ክፉ ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

በማግስቱ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ሴትየዋ ወደምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች። ሴትየዋ እንግዳዋ የሰውየው ሚስት መሆኗን ስታውቅ ለጠብ የመጣችባት መስሏት ስቴፕለሩን ጨበጥ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ ባልሽ በምን ሞተ ብላ ጠየቀቻት።

"በመኪና አደጋ" አለች ሴትየዋ። "ደግሞ ያንቺን ባል እንመርመር ብዬው ነበር እኮ። እኔና ሚስቴ ባለፈው ወር ተመርምረን ነጻ ነን አለኝ።"

"እኔ? እግሬም እዚያ አልደረሰ፣ እህቴ።"

ተያዩ። አንዷም ሌላዋን ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ አብረው ሄዱ፤ አንዷ ደም ስትሰጥ ሌላዋ መርፌው ክንዷ ውስጥ እስኪገባ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሴትየዋ ነጻ ሆነች። ልብስ ሰፊዋን ነርሷ ለብቻ ጠርታ ቂጥኝ እንደተገኘባት፣ መዳፍ ላይ ሽፍታ የሚያወጣ በሽታ እንደሆነ፣ በመርፌ እንደሚድን፣ ባሏም የግድ መምጣት እንዳለበት ነገረቻት።

ማታ ስትነግረው የመጀመሪያ ቃሉ "ከየት አመጣሽው?" ነበር። እጁን ያዘችና መዳፉን ወደ መብራቱ ገለበጠችው።

ኒካሁን ያፈረሰችው ያችው የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴት ናት። ስለ ሚስቱ ለእኔ የዋሸ፣ ስለ እኔ ለሚስቱ ምን ሊላት ነው ብላ የላካቸውን ሽማግሌዎች መለሰች። ባልና ሚስቱ መርፌውን ተወግተው ዳኑ፤ ትዳሩም አልፈረሰም። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ግን "ተመርምሬያለሁ" ማለቱ አይበቃትም፤ ራሷ ይዛው ትሄድና ውጤቱን ከነርሷ አፍ ትሰማለች። እስከዚያ ፍራሿን የምታነጥፈው ከስፌት መኪናዋ ሥር ነው።