የጠረግኋቸው ቅጠሎች

ይህን ለእህቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ቡታጅራ አጠገብ፣ በአንድ ባላባት የብርቱካን እርሻ እሠራ ነበር። ዛፎቹ የተባይ መድኃኒት ከተረጩ በኋላ ቅጠል ቆጥሬ እየቆረጥኩ ለባለሙያው ለአቶ ታደሰ አቀርባለሁ። እሱ ቅጠሉን ጠርሙስ ውስጥ አጥቦ እጣቢው ላይ የመመርመሪያ ጠብታ ይጨምራል። ከቀላ መርዙ ገና አለ፤ ለቃሚዎቹ አይገቡም። ካልቀላ ይገባሉ። እኔን ያዘዘኝ አንድ ነገር ነበር፦ የላዩ መርዝ እንዳይጠረግ የቅጠሉን ፊት እንዳልነካ።

የለቃሚዎቹ አለቃ ዘይነባ የምትባል የመስቃን ሴት ነበረች። ባሌ ጥሎኝ ከአገና የመጣሁ ሰሞን፣ ቅጠል ስቆጥር አይታ፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ «እትዬ ሸዋዬ፣ ባልሽንም እንዲህ ስትቆጥሪው ነው የሸሸሽ?» አለችኝ። ሳቁብኝ። ያን ሳቅ ዛሬም አልረሳሁትም።

አንድ ጠዋት የቆረጥኩት ቅጠል ነጭ ነገር ለብሶ ነበር። እኛ ቤት ቆጮ የሚጠቀለልበት የእንሰት ቅጠል ሳይጠረግ ሥራ ላይ አይውልም። እጄ ለምዶ በነጠላዬ ጫፍ ጠረገው። ሁለተኛውንም ጠረገ። ከዚያ ያደረግሁት ገባኝ። ጥዬ ሌላ መቁረጥ እችል ነበር። ዘይነባ ቅርጫቷን ይዛ ከወዲያ፣ «ዛሬ እንገባለን ወይስ እትዬ ገና እየቆጠረች ነው?» ትላለች።

ሁለቱን እጄ ጠረገ። የቀሩትን ግን እኔ ጠረግኋቸው። አንድ በአንድ፣ በሁለቱም ፊት።

እጣቢው አልቀላም። አቶ ታደሰ «ግቡ» አላቸው። አፍ አልነበረኝም? ነበረኝ። ዘይነባ ስትገባ ቆሜ አየኋት።

ቀትር ላይ ዘይነባ እየተንቀጠቀጠች፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ ወደቀች። በጋሪ ወሰዷት። እሷ ተረፈች፤ የአምስት ወር ፅንሷ ግን ወጣ። እርጉዝ መሆኗን አላውቅም ነበር። ባውቅስ እተወው ነበር? ይህን ጥያቄ እፈራዋለሁ። አቶ ታደሰ ተባረረ፤ ሲባረርም ዝም አልኩ።

ልጠይቃት ሄድኩ። አዝኜ አልነበረም፤ እንዳልጠረጠር ነው። ዘይነባ እጄን ያዘችና፣ «የአላህ ሥራ ነው፣ እትዬ። ያኔ ስለተናገርኩሽ ይሆናል። አፉ በይኝ» አለችኝ።

እኔም «አፉ ብዬሻለሁ» አልኳት።

ይቅር ባይ ሆኜ፣ ተመርቄ፣ ከቤቷ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ በየገበያው ተገናኘን፣ አልነገርኳትም። አሁን ሞታለች። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለምና።