ከስብከቱ ሥር ያለው ድምፅ

አጎቴ የአባቴን ድምፅ አጥፍተው በላዩ ላይ የማጽናኛ ስብከት ጫኑበት። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን ደግ ናቸው፤ ያደረጉትም በደግነት ነው። በደግ ሰው ስትናደጂ ከጎንሽ የሚቆም አታገኚም፤ ሁሉም «ለእናትሽ ብለው እኮ ነው» ይልሻል።

አባቴ ፒያሳ፣ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ያረጀ ሰው ነበር። ፎቶ መነሳት አይወድም። በቪዲዮ የተቀረጸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በእህቴ ሠርግ። ቀራጩ የሰፈራችን ሰው ነበርና ሥራውን እያጠፉ ደጋግመው በሚጽፉበት ዓይነት ዲቪዲ ላይ ገልብጦ ሰጠን። ይህም ራሱ ያናድደኛል። የጋብቻ ውል በእርሳስ ጽፎ እንደ መስጠት ነው። የእህቴን ቅጂ ልጆቿ መጫወቻ አድርገው ቧጥጠው ጨርሰውታል፤ ስለዚህ የቀረው የእናቴ ብቻ ነበር።

አባቴ ሲሞት ዘመድ ተሰበሰበ፤ እንደ ደንቡም ፎቶዎቹ ከግድግዳ ወርደው ሳጥን ውስጥ ገቡ። የእናቴ ዓይን ባረፈበት ቁጥር ሐዘኗ እንዳይቀሰቀስ ነው። በዚህ አልተቀየምኩም፤ ሳጥን የገባ ፎቶ ይወጣል። አጎቴ ግን፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉ የሚውሉ ሰው ናቸውና፣ ማንም ሳያያቸው ዲቪዲውን ኮታቸው ኪስ ከተው ሄዱ። ከአርባው በኋላ አንድ ዲቪዲ ይዘው መጡ፤ ስለ ሐዘንና ስለ መጽናናት የሚናገር ስብከት ነበረበት። እናቴ መርቃ ተቀበለቻቸው። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት እሱን ከፍታ ቤቷን ትጠርጋለች። የሠርጉ ዲቪዲ ከፎቶዎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ያለ ይመስለን ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ በየዓመቱ የምናስበው ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ድንገት ቢላዋውን አስቀመጠች።

«መልኩን አልረሳሁትም» አለችኝ። «ድምፁ ግን ጠፋኝ። ልሰማው እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም።»

ሳጥኑን ገለበጥኩት። ዲቪዲው የለም። አጎቴ ዘንድ ደወልኩ፤ ምንም ሳይደነግጡ ነገሩኝ። ያው ስብከቱ ያለበት ነው፣ እያየች እንዳትጎዳ ብዬ ሠርጉን አጠፋሁት አሉ። ልብስ አጥበው የመለሱ ነው የሚመስሉት። ታላቅን «እርስዎ» እያሉ መጮህ አልተማርኩም፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ትራሴን በቡጢ ነረትኩት።

እናቴ ዲቪዲዋን መስጠት አልፈለገችም፤ ስብከቱን ለምዳዋለች። ስብከቱን ፍላሽ ላይ አስገልብጬላት ዲቪዲውን ወሰድኩት። ለምን እንደፈለግኩት አልነገርኳትም። ባይገኝ ሁለተኛ ሐዘን ነው።

ፒያሳ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች የመጀመሪያው ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ሲዲ እኮ አሁን ታክሲ ውስጥ የሚንጠለጠል ጌጥ ነው» አለኝ። ሁለተኛው ማሽኑ ውስጥ ከተተውና ከስብከቱ በቀር ምንም ሲያጣ፣ እስቲ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ላጽዳው ብሎ ጣቱን አነሳ። እጁን ይዤ ዲቪዲዬን አስወጣሁት። ዘመድ ጀምሮት ባለሙያ ሊጨርስልኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንንም ላለመለመን ወሰንኩ። ቸርችል ጎዳና ካለው ቢሮዬ ከሥራ በኋላ እየቆየሁ ኢንተርኔት ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ከፈራሁት ይልቅ ቀላል ነበር። እንደኛው ባለ ዲቪዲ ላይ አዲስ ነገር ሲጫን ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር ይሄዳል፤ የሚሸፍነውም የራሱን ያህል ቦታ ብቻ ነው። ስብከቱ አጭር ነው፣ ሠርጉ ግን ረጅም። ከስብከቱ ወዲያ ያለው ሠርግ እዚያው ተቀምጧል፤ የጠፋው መኖሩን የሚናገረው ማውጫ ነው። ማውጫው ቢቀደድም የመጽሐፉ ገጾች አሉ።

ፈልጎ የሚያወጣው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ሠርተው፣ ማንም ይውሰደው ብለው አስቀምጠውታል። ይህም አናደደኝ። የማያውቁኝ ሰዎች የሚመልሱልኝን የሥጋ ዘመዴ አጠፋብኝ።

ላፕቶፔ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት የዲስክ ማንበቢያ ገዛሁ። እሱ ስብከቱ ሲያልቅ ዲስኩም አለቀ ብሎ ቆመ። ተመልሼ ሄጄ ከእሱ የባሰ አሮጌ ገዛሁ፤ ይኼኛው እየተንገራገጨ እስከ ዳር አነበበው። ዲቪዲው ላይ ምንም ነገር መጻፍ አይገባም፤ ስለዚህ ሙሉውን እንዳለ ኮምፒውተሬ ላይ ገለበጥኩና ፕሮግራሙ ከግልባጩ ውስጥ የቪዲዮ ቁራጮችን እንዲለቅም አደረግኩ።

ቁራጮቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። በአንዱ የድንኳን ጣሪያ ይታያል፣ በሌላው የሙሽሪት ጫማ፣ በሌላው የማላውቃቸው ሰዎች እስክስታ። እህቴ ጉልበቱን ስማ ስትወጣ አባቴ የመረቃት ክፍል የቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ነበር፤ እሱን ስብከቱ በልቶታል። አባቴ ሙሉ ምርቃት የተናገረበትን ቦታ። ያን ቀን አጎቴን በልቤ ያልሰደብኩት ስድብ የለም። የቀሩትን ቁራጮች ያየሁት በንዴት ነው፣ እነሱንም የሆነ ሰው የሚወስድብኝ ይመስል። በአንዱ አባቴን አገኘሁት።

ሙት ዓመቱ ዕለት እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናቴ፣ አጎቴና እኔ ቀረን። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ነው። የቀራጩ መብራት እናቴ ፊት ላይ ይንቦገቦጋል፤ እሷ የሚመጣውን እንግዳ እየተቀበለች ዓይኗን ትጨፍናለች። አባቴ ከጎን መጥቶ መሃል ገባ።

«ይሄን መብራት ከፊቷ ላይ አንሳ» አለው ቀራጩን። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ዞር በል፣ ትብላ።»

ከዚያ መዳፉ ካሜራውን ሸፈነው። ያለው ይኸው ነው። ምርቃቱ ጠፍቶ ቁጣው ተረፈልን።

እናቴ ልክ እንደ ቀብሩ ቀን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አላልኩሽም? ይኸው አስለቀስሻት።»

«ታልቅስ» አልኳቸው። «ባሏ ነው። እርስዎ ማን ነዎት የሚከለክሏት?»

ለታላቅ እንዲህ መልሼ አላውቅም። ስንት ሳምንት ያጠራቀምኩት ንዴት ገና ከአፌ ሊወጣ ሲል እናቴ እጇን አነሳችብን።

«ዝም በሉ» አለች። «ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። አባቴ እንደገና መጣ፣ እንደገና ተቆጣ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም አለ። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች።

«በልቻለሁ» አለችው።