ከጋሽ ግርማ የተለመነ ቆሻሻ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሙዜ ካማው ከማጣሪያ በርሜል ቡናማ፣ የሚያሙለጨልጭ ስፖንጅ አውጥተው እጄ ላይ ጣሉት። «ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። «ቆሻሻ» አልኩ። «ደመወዝህን የሚከፍልህ እሱ ነው» አሉና ሳቁ። ናይሮቢ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ጥገና እንዲህ ጀመርኩ።

ነገሩ ይህ ነው። ከዓሣ የሚወጣው አሞኒያ መልሶ ዓሣውን ይመርዘዋል። ስፖንጁ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይሄኛው ዓሣውን እምብዛም አይጎዳም፣ ሱኩማ የሚሉትን ጎመን ቢያጠጡት ደግሞ ቅጠሉ ይፈካል። አየር በማያገኘው ጭቃ ውስጥ ያሉት የተረፈውን ናይትሮጅን ወደ አየር ይመልሱታል። ፉንዲ የሚባለው የጥገና ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው እነዚህን ነው።

እትዬ አስካለ ኢምባካሲ ሰፈር፣ ጓሯቸው ውስጥ ቆሮሶ ዓሣ ያረባሉ። በጾም ለሁርሊንግሃም ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያቀርባሉ፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለቀሳውስቱ ትቻለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በዚያ ገንዳ ነው።

ጾም ሊገባ ሲል ደወሉልኝ። «ታዬ፣ ዓሣዎቼ አፋቸውን ከውሃ አውጥተው ያዛጋሉ!»

ሄድኩ። ማጣሪያው እንደ አዲስ ሳህን ያብለጨልጫል።

«ምን አደረጉት?»

«የምግብ ቤቱ ባለቤት ሊያይ ይመጣል ብዬ በበረኪና ፈተግኩት።»

«ኧረ በሕግ አምላክ፣ እትዬ! የሚሠሩልዎትን ፈጇቸው እኮ!» ድምፄ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እሳቸው አለቀሱ፤ እኔም አፈርኩ።

ስፖንጁን ደጋግሜ አለቀለቅኩ፤ ከፊሉን ውሃ ቀየርኩ፤ መኖ አስቆምኩ። የመመርመሪያው ጠብታ ግን አረንጓዴ ሆነ፤ አሞኒያ አለ ማለት ነው። አዲስ ባክቴሪያ እስኪራባ ሳምንታት ይፈጃል፤ ዓሣው ያን ያህል አይቆይም። መድኃኒቱ ከሚሠራ ገንዳ ስፖንጅ ማምጣት ነው። ቅርብ ያለው ደግሞ እንደ እሳቸው ዓሣ የሚያረቡት የጋሽ ግርማ ነው። እትዬ «ደንበኛ ቀማኝ» ብለው ካኮረፏቸው ቆይተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰላም አይባባሉም።

«የግርማን ደጅ ከምረግጥ ሞቼ ልገኝ!» አሉ።

ወዲያው አንድ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። እትዬ ነጠላቸውን አነሱ።

ጋሽ ግርማ በሩን ከፈቱ። «ምን ፈለግሽ?»

«ቆሻሻ» አሉ እትዬ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ትቀልጃለሽ?»

«ጋሼ፣ ከማጣሪያዎ ካልሰጡን ዓሣው ሁሉ ያልቅባቸዋል» አልኩ።

ጋሽ ግርማ እምቢ ቢሉ የጾሙ ገበያ በሙሉ የእሳቸው ነበር፤ ሦስታችንም እናውቀዋለን። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ግማሹን ስፖንጅ ከነውሃው ባልዲ ውስጥ ከተቱ። እትዬ ሊቀበሉ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ «ተይው፣ ይከብድሻል፤ እኔ እይዘዋለሁ» አሉ።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ባልዲው ሸተተና ተሳፋሪው አጉረመረመ። ሁለቱ አዛውንቶች ግን በዚሁ ሽታ ሰበብ ወግ ጀመሩ።

የሞተው ሞተ፤ አብዛኛው ተረፈ። ጠብታው ቢጫ ሆኖ አሞኒያው መጥፋቱን ስነግራቸው እትዬ፣ «ቆይ፣ ግርማ ይምጣና ይየው» አሉኝ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ማጣሪያ የሚለቀለቀው በራሱ ገንዳ ውሃ ነው። በረኪና አይነካውም። ገንዳ ካለው ሰው ጋርም አይኮራረፉም።