የጉናው ማዕከል ዋሶች

ኮምፒውተሩ ደብረ ታቦር ወደሚገኘው የዞኑ ፕላን ቢሮ በገባበት ቀን ሦስት ሰዎች ነበርን። ኃላፊያችን አቶ መንገሻ በሩ ላይ ቆመዋል። የንብረት ክፍሉ ጫኔ በካርቶኖቹና በእኛ መካከል እጁን አጣምሮ ቆሟል። እኔ መስኮቱ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናዬ አጠገብ ነበርኩ። እስከዚያ ድረስ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የመረጃ ሠራተኛ የሆንኩት በዚያ ቀን ነው።

«ዘውዴ፣ የአንቺ ጣት ፈጣን ነው፤ ይህን ነገር አንቺ ያዢው» አሉኝ አቶ መንገሻ።

ጫኔ «መጀመሪያ ይፈረምልኝ» አለ። ፈረምኩ። ካርቶኑ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራዬ ከወረዳዎች የሚመጣውን ሪፖርት በአንድ ሠንጠረዥ መሰብሰብና ወደ ክልል መላክ ነበር። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ አንቀጽ በጻፍኩ ቁጥር ማስቀመጥ ለመድኩ። በኋላ ለመጡት ሠራተኞች ሁሉ ይህንኑ ነግሬአለሁ። የሰሙኝ ሥራቸው አንዴ የጠፋባቸው ናቸው።

ከዓመታት በኋላ አገራዊው የመረጃ ቴክኖሎጂ ዕቅድ ወደ ዞን ወረደ። ወፍራም ሰነድ ነበር። የገጠሩ ሕዝብ መረጃ በአቅራቢያው እንዲያገኝ በየወረዳው ማዕከል ይቋቋማል ይላል። ኮምፒውተሮቹ ከየት እንደሚመጡ፣ የሳተላይቱ ሰሐን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚተከል፣ ሪፖርቱ በስንት ጊዜ እንደሚላክ ተጽፏል። ተጠቃሚ ያላገኘ ማዕከል ዕቃው ተነሥቶ ወደ ከተማ ይዛወራል የሚል አንቀጽም ነበረበት። የዞኑን ድርሻ አዘጋጅቼ የላክሁት እኔ ነኝ። ማዕከሎቹን የመከታተሉ ሥራም ለእኔ ተሰጠ።

ከማዕከሎቹ አንዱ ጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ብርዳም አገር ተተከለ። የንብረት ኃላፊነቱን የወሰደው፣ ያን ጊዜ ወደ ትውልድ ወረዳው የተዛወረው ጫኔ ነው። ከዚያ የሚመጣው ሪፖርት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ ዕቃው በሙሉ ደህና፣ ተጠቃሚ የለም።

ይህ አልገባኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በኢንተርኔት መታየት ከጀመረ ወዲህ የዚያ አገር ተማሪዎች ውጤታቸውን ለማየት ደብረ ታቦር ድረስ ይወርዱ ነበር። ዘመድ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያድራል። ማዕከሉ ከተነሣ ይህ እንደማይቀር አውቃለሁ።

የሚነሡትን ማዕከሎች የሚለይ ኢንጂነር ዮናስ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። አብሬው ወጣሁ። ስንደርስ ጉም ነበር። በሩ ተቆልፏል። የገበያ ቀን ስለነበር መኪናችንን ያየ ሰው ተሰበሰበ። ጫኔ ጋቢውን ደርቦ መጣና ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ከፈተ።

ኮምፒውተሮቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ነጭ የጥልፍ ጨርቅ ለብሷል። ኢንጂነሩ አንዱን ገለጠ፤ የስክሪኑ ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠም።

ከበሩ ላይ አንዲት ድንች ነጋዴ «ውይ ጫኔ! ሙሽራ ደብቀህ ኖሯል እንዴ?» አለች። ሰዉ ሣቀ።

«አቶ ጫኔ፣ ሰው ሲመጣ ለምን አይከፍቱም?» አለ ኢንጂነሩ።

«ሰው ከነካው ይሰበራል።»

«ካልነካውስ?»

«ካልነካውማ እንዳዲስ ይኖራል።»

«ለመነካት እኮ ነው የመጣው!»

«ጌታዬ፣ አንተ ነገ ትሄዳለህ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። በፊት የማባዣ ማሽን ተሰብሮብኝ ልጆቼ እስኪያድጉ ከደመወዜ ተቆርጧል። ወይዘሮ ዘውዴ ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። ማሽኑን የሰበረው እሱ አልነበረም። የተቆረጠው ግን ከፈራሚው ነው። የንብረት ሕጋችን እንዲያ ነው።

ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ምን ላድርግ? ይነሣ ብዬ ከመጻፍ ሌላ አማራጭ የለኝም።»

በሩ ላይ ቆመው ይህን የሰሙ አቶ አድማሱ የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ውስጥ ገቡ። የልጅ ልጃቸው በዚያ ዓመት ተፈታኝ እንደነበረች በኋላ ሰማሁ።

«ጫኔ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። የምትፈራው ዕቃውን ነው ዕዳውን?»

«ዕዳውን ነው አባቴ።»

«ታዲያ ዋስ ብንጠራልህስ?»

ጫኔ «ማንን?» አለ።

«አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን አንተ ምረጥ፤ ኋላ ዋሱ ደካማ ነው እንዳትለኝ።»

ጫኔ ሕዝቡን ቃኘ። ጨውና ሳሙና የሚነግዱትን አቶ ሰይድን መረጠ። አቶ ሰይድ «እኔን የመረጥክ ሱቄን አይተህ ነው» አሉት። «እና ምን አይቼ ልምረጥ!» አለ። አቶ ሰይድም እሺ አሉ።

«አባቴ፣ መመሪያው ውስጥ ዋስ የሚባል ነገር የለም» አለ ኢንጂነሩ።

ጫኔ ሽማግሌውን ቀደመ። «እኔስ በመመሪያው የት አለሁበት?»

እኔ ወረቀት አወጣሁ። በአገልግሎት ላይ ሳለ ዕቃ ቢሰበር ዋሶቹ ያሠራሉ፣ ጫኔም ማዕከሉን በሥራ ሰዓት ክፍት ያደርጋል ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አቶ አድማሱ በጣታቸው፣ አቶ ሰይድ በፊርማቸው አጸኑት። ጫኔ ወረቀቱን ተቀብሎ ለራሱ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ገፈፈና አጣጠፋቸው። ፕላስቲኩን ግን ራሱ አልላጠም፤ ኢንጂነሩ ላጠው።

ኢንጂነር ዮናስ ማዕከሉ እስከሚቀጥለው ግምገማ ይቆይ ብሎ ጻፈ። የዚያ ዓመት ውጤት ሲለቀቅ ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። አንድ ኮምፒውተር ተቃጠለ። አቶ ሰይድ ሬዲዮ የሚጠግን ዘመዳቸውን ከከተማ አስመጡ፤ ተሠራ። ጫኔ በዚያ ሳምንትም በሩን አልዘጋም።

ዕቅዱ ሲከለስ ለውይይት ጠሩን። የሚነሡት ማዕከሎች ተነበቡ፤ የጉናው አልተጠራም። አስተያየት ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ዕቃ ሲሰበር ማን እንደሚጠየቅ በዕቅዱ ይግባ፣ ፈራሚው ብቻውን አይጠየቅ አልኩ።

ሰብሳቢው «ወይዘሮ ዘውዴ፣ ይህ እኮ የአገር ፖሊሲ ነው፤ የሰባራ ዕቃ ጉዳይ ወደ ንብረት ክፍል ይሄዳል» አሉኝ።

«የጉናውን ማዕከል ያዘጋውም ጉዳዩ እዚያው መሄዱ ነው» አልኳቸው። ኢንጂነር ዮናስ ደገፈኝ። በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

የተከለሰው ሰነድ ታትሞ የደረሰን ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ነው። ያልኩትን ፈለግሁ። አልገባም።

ከሥራ ዘመኔ ያተረፍኩት ይህን ነው፦ ዕቃ ለሕዝብ ሲሰጥ የብልሽቱ ኃላፊነት በአንድ ሰው ላይ ከወደቀ፣ ያ ሰው ይቆልፈዋል። ዕቅድ የምታወጡ ይህን አስቀድማችሁ ጻፉ።

ሰነዱን ለተተኪዬ ሰጠኋት። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።