ወደ ኋላ የሚቀረው የአዋላጇ ሰዓት

ወለላ ሠላሳ አራት ዓመት በአዋላጅነት ሠርታለች። ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ከሚነዱት፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ከሚያስተምሩት፣ ገበያ ውስጥ ሱቅ ከከፈቱት መካከል ስንቱ የመጀመሪያ ትንፋሹን በእሷ እጅ ላይ እንደሳበ የሚያውቅ የለም። እሷም ብትሆን አሁን አታውቀውም። ሕፃን እንደወጣ፣ እትብቱ ሳይቆረጥ፣ የግራ እጇን አንጓ ዘወር አድርጋ ሰዓቷን ታይና "ስምንት ከአሥራ ሰባት" ትል ነበር ጮክ ብላ። የሥራ ጓደኞቿ "ቀስ ብለሽ ብትጽፊው ምን አለበት?" ሲሏት፣ "ሰው ወደዚህ ዓለም የመጣበትን ሰዓት በግምት አልጽፍም" ነበር መልሷ።

ያቺ ሰዓት ባትሪ የማታውቅ፣ በየጠዋቱ በጣት እየተጠመዘዘች የምትሞላ ትንሽ የእጅ ሰዓት ናት። ወለላ በመጀመሪያ ደመወዟ ነው የገዛቻት።

ባሏ አስናቀ የናዝሬት ልጅ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ መጣ፤ ከዳንግላ የመጣችውን አዋላጅ አገባና ሠላሳ አንድ ዓመት የሽመና ማሽን ሲያስተካክል እዚሁ ጡረታ ወጣ። እሱ "ደረስኩ" ሲል እሷ "ደረስሁ" እያለች፣ አንዳቸው የሌላውን አነጋገር ሳይወስዱ አብረው አረጁ። አንድ ልጃቸው ዜማ አዲስ አበባ ናት።

የወለላ ሕመም የጀመረው በመርሳት ነው። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋባት፤ ቀጥሎ የሰው ስም። ወጥ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ትጨምራለች፤ ወይ ጭራሽ አትጨምርም። ሐኪሙ ለአስናቀ የነገረው ሳይሸሽግ ነው፤ "ይብሳል እንጂ አይሻልም። አይከራከሯት። የምትለውን እሺ ይበሏት።"

አስናቀም እሺ ማለት ለመደ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋውኗን ለብሳ "ተረኛ ነኝ፣ ረፈደብኝ" ስትለው እሺ ይላታል፤ ግን አይለቃትም። ሁለት ጊዜ አምልጣው ጠፍታለች። በሁለተኛው ጊዜ ያገኛት ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚያጸዱ ሰዎች መካከል ቆማ ነው። ጋውኗ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል። አንዷን ዓሣ ሻጭ እጇን ይዛ "ምጡ ከጀመረሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?" እያለች ትጠይቃታለች። ሴትዮዋ አልሳቀችባትም፤ "ትንሽ ነው፣ እትዬ" ብላ መለሰችላት። አስናቀ ሚስቱን በትከሻዋ አቅፎ ሲወስድ ያንን መልስ መቼም አይረሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ የግቢውን በር እየቆለፈ ቁልፉን ኪሱ ይይዛል። ሰው አዋልዳ የኖረችን ሴት እንደ እስረኛ መቆለፍ አንገቱን አስደፍቶታል፤ ግን ሌላ ምን ያድርግ?

አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ ጋውኗን ለብሳ በሩን ስትጎትት፣ አስናቀ እጇን ይዞ ሰዓቷን አሳያት።

"እይው፣ ገና ለአንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ምን አስቸኮለሽ?"

ወለላ ሰዓቷን አየች። ከዚያም እሱን አየችው።

"ይህ ሰዓት ይዋሻል" አለች።

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ። ወደ ኋላ ይቀራል እያልሁህ ነው። የምለውን ሰምተህ ታውቃለህ አንተ?"

"እሺ" አለ አስናቀ፣ እንደተነገረው። ወዲያው ጎረቤት የተከፈተው ሬዲዮ የአንድ ሰዓቱን የሰዓት ምልክት ጢጥ ጢጥ አድርጎ ዜና ጀመረ። አስናቀ የወለላን ሰዓት ደግሞ አየው። ለአንድ አሥራ አራት ደቂቃ ጉዳይ ይላል።

ቀኑን ሙሉ ከፋው። ማታ ሰዓቷን በሬዲዮው ሞላላት፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ቢያየው ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እውነቷን ነበር። እሱ ስንት ወር እሺ እያለ ውሸት ሲያሳያት ከርሟል። እሷ ደግሞ ከሁሉ ነገር መካከል አንድ የቀራትን ይዛ ስትጮህ የሚሰማት አላገኘችም።

ሰዓቱን ይዞ ገበያ ወረደ። የባሕር ዳርን ሰዓት ሁሉ ይሠሩ የነበሩት ሙሀመድሰዒድ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በሱቃቸው ውስጥ ልጃቸው ሳዲቅ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። ሳዲቅ ሰዓቱን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገና አንገቱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ ይህን የሚነካ ሰው አሁን ከተማው ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ካልላኩት።"

"መንገዱ ተዘግቷል። ደግሞም የባለቤቴ ነው፤ ከእጇ ሁለት ቀን ቢጠፋ ቤቱን ታፈርሰዋለች።"

ሳዲቅ ሰውዬውን ትንሽ ካየው በኋላ ከመሳቢያ ውስጥ ዓይን ላይ የሚሰካ የአባቱን ማጉያ መነጽር አወጣ። የሰዓቱን የጀርባ ክዳን በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ ውስጡን አሳየው። ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ መዘውር ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ ተጠምጥሟል፤ ከላይዋ አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። በዘንጉ አንድ ጎን የመደመር፣ በሌላው የመቀነስ ምልክት ተቀርጿል።

"አባቴ ይህችን ነበር የሚነኩት። ወደ መደመር ከገፏት ይፈጥናል፤ ወደ መቀነስ ይዘገያል። ብረት አያስነኳት፣ በስቴኪኒ ይግፏት። ሞላውን ከነኩ ግን አለቀ። መነጽሩን ይውሰዱት፣ እኔ ምን አደርግበታለሁ?"

አስናቀ ሥራውን የጀመረው በረንዳ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ወለላ ቁርሷን ስትበላ ነው። ለእሷ "ሰዓትሽን ልሞላልሽ ነው" ይላታል፤ ትሰጠዋለች፤ እስኪመልስላት ድረስ ዓይኗን ከእጁ ላይ አታነሣም። እጁ እንደ ድሮው አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ዘንጉን ገፋ ሲያደርጋት ከሚፈልገው በላይ ሄደችበት፤ በማግስቱ ሰዓቱ አራት ደቂቃ ቀድሞ ተገኘ። መለሳት፤ አንድ ደቂቃ ዘገየ። ማሽን ሲያስተካክል የኖረ ሰው ስለሆነ አንድ ነገር ነክቶ ውጤቱን ሳያይ ሌላ አይነካም። ይገፋል፤ ክዳኑን ይገጥማል፤ በማግስቱ ሬዲዮው አንድ ሰዓት ሲል ያያል፤ ልዩነቱን ደብተር ላይ ይጽፋል። አንዳንድ ቀን መብራት ይጠፋል፤ የባትሪ ድንጋይ ያለቀበት ሬዲዮም ዝም ይላል። አንዳንድ ቀን ከከተማው ዳር ተኩስ ይሰማና ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ እሱ ስቴኪኒውን ይዞ ይቀመጣል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልዩነቱ ሃያ ሰከንድ ደረሰና አልቀንስ አለው። አንድ ቀን ይፈጥናል፤ አንድ ቀን ይዘገያል። በመጨረሻ የደረሰበት ነገር አሳቀው። ሰዓቱ ማታ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ሲተኛ ይፈጥናል፤ በጎኑ ሲቆም ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ በየማታው በጥጥ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ በጎኑ ያቆመው ጀመር። ጠዋት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሞላዋል። በአምስተኛው ሳምንት ሰዓቱ በቀን አራት ሰከንድ ብቻ ይቀድም ነበር።

ወለላ ልዩነቱን ያወቀችው ማንም ሳይነግራት ነው። ጎረቤት ሬዲዮ ሲጮህ ሰዓቷን ታያለች፤ ገጥሞ ስታገኘው ትከሻዋ ይረግባል። አስናቀ "የዛሬው ተራሽ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ገና አምስት ሰዓት ይቀርሻል" ቢላት አሁን ታምነዋለች። በሩ አጠገብ ጋውኗን ለብሳ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ረስታዋለች። አስናቀ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ሳይቆልፍ ዋለ።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ወለላ የባሏን እጅ ያዘች። ፍቅር መስሎት ነበር። እሷ ግን ሦስት ጣቶቿን የደም ሥሩ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተከለች። አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያ ቆጠረች።

"ልብህ ይስታል" አለች።

"ምን ይላል?"

"ይስታል። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ አንዴ ይዘላል። መቶ አሥራ ስምንት ቆጠርሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ።" ከዚያ ድምፅዋ ለበሽተኛ እንደምትናገረው ሆነ። "እግርህ ያብጣል?"

ያብጣል። ማታ ማታ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ምልክት ይተው ነበር፤ ለእርጅና ሰጥቶት ዝም ብሏል። ደረጃ ሲወጣ የሚያቆመውንም ትንፋሽ እንዲሁ።

የምታግዛቸው ጎረቤታቸው አደይ ነገሩን ስትሰማ፣ "ጋሽ አስናቀ፣ እሷ የምትለውን ሰምተው ነው ሆስፒታል የሚሄዱት?" አለችው። እሱ ጃኬቱን እየለበሰ፣ "አንዴ ሳልሰማት ቀርቻለሁ" አለ።

ሆስፒታል ያገኘው ሐኪም ወጣት ነው። የልቡን ምት በማሽን አስነሥቶ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ልቡ ከምቱ እንደወጣ፣ ውስጡ ደም ሊረጋ እንደሚችል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ቢሄድ ሽባ እንደሚያደርገው አስረዳውና መተኛት አለብዎ አለው።

"ማን ነግሮዎት መጡ ግን?"

"ባለቤቴ።"

"ባለሙያ ናቸው?"

"አዋላጅ ነበረች" አለ አስናቀ፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ "ናት" ብሎ አረመው።

ዘጠኝ ቀን ተኛ። ዜማ በአውሮፕላን መጣች፤ ቀን ቀን እሱ ዘንድ፣ ማታ እናቷ ዘንድ ሆነች። ስለ እናቷ ሲጠይቃት "ደህና ናት" ትለዋለች ዓይኑን ሳታይ። በስድስተኛው ቀን አጥብቆ ሲይዛት ነገረችው። ወለላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት "አስናቀ የት ሄደ?" እያለች ከበር እስከ ጓሮ ስትመላለስ ዋለች። በአራተኛው ቀን የሞተች እናቷ የት እንዳለች መጠየቅ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቀችም።

ወደ ቤት የተመለሰ ዕለት ወለላ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። አስናቀ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣና ከፊቷ ቆመ። ቀና ብላ አየችው፤ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ለማንም በሽተኛ የምትሰጠው ነበር።

"ይቀመጡ፣ አባባ" አለችው። "ደክመዋል።"

አርባ ዓመት አንተ ስትለው የኖረች ሴት ናት። ተጣልተው እንኳ እርስዎ ብላው አታውቅም። ዜማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አስናቀ ግን ተቀመጠ፤ የጠየቀችው መቀመጥ ነበርና።

ሰዓቷ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፤ የሚሞላው ሰው አጥቶ ቆሟል። አስናቀ ሞልቶ፣ በሬዲዮው አስተካክሎ እጇ ላይ አሰረላት። ለሳምንት ተከታተለው፤ ልዩነቱ አሁንም በቀን ከአራት ሰከንድ አይበልጥም። ወለላ ግን አታየውም። ሬዲዮው ይጮሃል፤ እሷ የምታየው ከግቢው አጥር ላይ የሚያርፉትን ወፎች ነው። ሰዓት ስንት ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ከቤቱ ጠፋ።

ዜማ የዕረፍት ቀኗ ሲያልቅ እናቷን ይዛ ልትሄድ ፈለገች። አባቷን ጭምር ልትወስድ ብትሻም የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ደረጃ ከልክሎታል።

"አባዬ፣ እንግዲህ አታውቅህም እኮ" አለችው፣ ሻንጣዋን እየዘጋች። "ለምን ትሰቃያለህ?"

"እኔ አውቃታለሁ" አለ። "አንቺ ሂጂ። አደይ አለችልን።"

ሄደች። የዝናቡ ወራት ገባ። አስናቀ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ግማሹን ቀን ይተኛል፤ ሲነሣ ወለላ አጠገብ ይቀመጣል። ወለላ ንግግሯ እያጠረ ሄደ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ አባርቶ፣ አደይ ምሳቸውን እያሞቀች ሳለ፣ ወለላ ወደ እሱ ዞር ብላ ለብዙ ጊዜ አየችው።

"አባባ፣ ሰው የለዎትም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አይወስድዎትም? እዚህ እኮ ሰው አይቆይም። ተሽሎት ይሄዳል።"



"እንመጣለን ብለውኛል።"

"ሲመጡ ይጥሩኝ። የመውጫ ወረቀትዎን የምፈርመው እኔ ነኝ።"

"እሺ፣ ሲስተር" አለ።

አደይ ምሳውን አቀረበች። አስናቀ ለወለላ በትንሽ በትንሹ እየጠቀለለ አጎረሳት፤ እሷም እሱ ራሱ እንዲበላ ሁለት ጊዜ ነገረችው።