የይርጋ ዝርግ እግር

በጣሊያን ጊዜ በአርበኝነት ዱር ሳለን ነው፤ ትእዛዙ የደረሰን ጎህ ሲቀድ ነበር። ከመተማ የሚወጣውን የባንዳ ስንቅ እስከ ረፋድ ድረስ ወንዙ መሻገሪያ መልካው ላይ ጠብቀን እንድንቆርጥ ተባልን። አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና የዋልካው ጭቃ እግር ይይዛል፤ ሳሩም የቆመ ሰው ይሰውራል።

ይርጋ አብሮ አደጌ ነው። ከተወለደ ጀምሮ የውስጥ እግሩ ዝርግ ነበር፤ ሲረግጥ መላ እግሩ መሬት ላይ ይታተማል። በተኩስ ከሁላችን ይበልጣል። መንገድ ሲረዝም ግን ቁርጭምጭሚቱ ያብጥና ወደ ኋላ ይቀራል። አለቃችን ስንፍና ይመስላቸው ነበር። ያን ዕለትም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያሽ አዩት።

«ጦር አንተን አይጠብቅም። ስትችል ድረስ» አሉት።

«እደርሳለሁ፣ ጌታዬ» አለ።

ጥለነው ሄድን። እውነቱን ለመናገር እኔም ሰልችቶኝ ነበር።

መልካው አጠገብ ስንደርስ ዱካ አገኘን። አንድ ሰው በባዶ እግሩ ከእኛ ቀድሞ ወደ ሳሩ ገብቷል። መንገድ መሪያችን የቆላ አዳኝ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብለው ዱካውን በጣታቸው ለኩት። እንደ አዳኞቹ ልማድ፣ ውስጥ እግሩ ሳይቀር የታተመ ዱካ ሸክም የከበደው ሰው ዱካ ነው።

«ተሸካሚ ነው» አሉ። «ስንቁ እዚሁ ሳር ውስጥ አርፏል።»

ያን ዱካ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ይርጋ በአቋራጭ ቀድሞን ይሆን ብዬ ጠረጠርሁ። ግን ሽማግሌው ከተናገሩ በኋላ እኔ ማን ነኝ? ደግሞስ ያ አዝጋሚ እንዴት ይቀድመናል? ዝም አልሁ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሳሩ ተንቀሳቀሰ። «በሉ!» አሉ አለቃችን። ተኮስን።

«እኔ ነኝ! እኔ...» የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ ጸጥ አለ።

ተኩሱን የሰማ ባንዳ ከማዶ ወጣብን። እስከ ቀትር ተታኮስን። ሦስት ሰው ወደቀብን፤ ስንቁም በሌላ መንገድ አለፈ። አመሻሽ ላይ፣ በአቋራጭ ቀድሞን ሳሩ ውስጥ ሲጠብቀን የነበረውን ይርጋን ከሦስቱ ጋር ቀበርነው።

«አራቱም በጠላት ጥይት ወደቁ በሉ» አሉን አለቃችን፣ ፊታቸውን አዙረው።

ለእናቱ መርዶውን የነገርሁ እኔ ነኝ። «ወደ ኋላ ቀርቶ ጠላት አገኘው» አልኋቸው። ደረታቸውን መቱ።

«እኔው ነኝ ልጄን የገደልሁት! አራስ ሳለሁ ታምሜ እግሩን አላሸሁለትም። ባሸው ኖሮ ይቃና ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲለኝ ኖሯል።»

እውነቱን ሳልነግራቸው አልቅሼ ወጣሁ።

ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ የራሴ ልጅ እግሩ እንዲሁ ዝርግ ሆነና ሐኪም ዘንድ ወሰድሁት። «ሕፃን ሁሉ ሲወለድ እግሩ ዝርግ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «የብዙው ሲያድግ ውስጡ ይጎደጉዳል፤ የአንዳንዱ እንዳለ ይቀራል። የእናት ጥፋት አይደለም፤ ማሸትም አያቃናውም።»

በሳምንቱ ሁሉንም ልናዘዝ ወደ ይርጋ እናት መንደር ወረድሁ። ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበር።

የዚያ ቀን ሙታን ሲቆጠሩ አራት ናቸው። ሦስቱ በጠላት ጥይት፣ ይርጋ በእኛ ጥይት። ይህን ለእናንተ ለልጆቼ ነገርኋችሁ፤ መስማት የነበረባቸው ግን እናቱ ነበሩ።