የሰላም አስከባሪው ልጅ

ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ በሰማሁ ቁጥር አባቴ «ሃሎ! ሃሎ! ትሰሚኛለሽ?» እያለ የሚጮኽ ይመስለኛል። በስደት የምንኖርባት ከተማ ስኔልቪል ያለው ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ አልነበረም፤ ዝናቡ የሚመጣልን አባቴ ከሄደባቸው ከሰሎሞን ደሴቶች በስልክ ነበር፤ እኛ ዘንድ ቅዳሜ አመሻሽ ሲሆን እሱ ዘንድ እሑድ ረፋድ ነበርና፣ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ሰዓት ስጠብቅ እውል ነበር።

አባቴ ማሪዬታ ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። በእነዚያ ደሴቶች የአንዱ ደሴት ሰው ከሌላው ጋር ተዋግቶ፣ መንግሥቱም ሊፈርስ ደርሶ፣ ጎረቤት አገሮች ተባብረው ፖሊስና ወታደር ልከው ስለነበር፣ እሱ በኮንትራት የተቀጠረው የፖሊሶቹን መኪና ሊጠግንና የውጭዎቹ ሲወጡ ሥራው እንዳይቆም የአገሬውን ልጆች ጥገና ሊያስተምር ነበር። ስድስት ወር ብሎ ነው የሄደው። እናቴ መሄዱን ጨርሶ አልወደደችውም፤ ለጠየቃት ሁሉ «ሰሎሞን ዘንድ ሄዷል፣ ጥበብ ይዞልን ይመጣል» እያለች ታሽሟጥጥ ነበር።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አማርኛዬም ከቤታችን ደጃፍ አያልፍም ነበር። ሰዎች «አባትሽ ሰላም አስከባሪ ሆነ አሉ» ሲሉኝ፣ እኔ የማውቀው ሰላም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ነይ፣ ሰላም በይ!» ተብዬ የምጎተትበትን ብቻ ስለነበር፣ አባቴ የተኳረፉ ሰዎች አገር ሄዶ በግድ ሰላም እንዲባባሉ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር። ለክፍል ጓደኞቼም እንደዚያው አስረድቼ በጣም ኮራሁበት። እሱም ሳያውቅ አጸናልኝ፤ አንድ ቅዳሜ «ጠመንጃውማ ድሮ ተሰብስቧል፤ ያስቸገረው የተጣላ ሰው እንደገና ሰላም እንዲባባል ማድረጉ ነው» አለኝ።

ብርዱ ሲገባ እናቴ ስልኩን መቀበል ተወች። ስዘረጋላት «ሥራ ይዛለች በይው» ብላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሩን ትዘጋ ነበር። እኔም የሰላም አስከባሪ ልጅ ነኝና እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ «እማዬ ሰላም ብላሃለች» እለው ጀመር። ሲደሰት ድምፁ ከዝናቡ በላይ ይወጣ ስለነበር፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ «ናፍቀኸኛል ብላሃለች» ጨመርኩበት። ከዚያማ አፌ ለመደ።

በጸደይ፣ የጥዱ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ አባቴ «እስቲ እናትሽን ጠይቂልኝ፤ ኮንትራቱን አንድ ዓመት ኤክስቴንድ ላድርገው ወይ?» አለኝ። ሮጬ ሄጄ ጠየቅኋት። ከምታጥፈው አንሶላ ላይ ቀና እንኳ ሳትል «እንደፈለገ!» አለች። አማርኛ የጠገበ ሰው «እንደፈለገ» ከተቆጣች ሴት አፍ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ እኔ ግን ፈቃድ መሰለኝ።

«ኦኬ ብላለች አባዬ፤ ላይክ፣ ደስ ብሏታል» አልኩት። ፈረመ።

ያን ዓመት እናቴ የአባቴን ልብሶች ከቁም ሳጥኑ አውጥታ በካርቶን አድርጋ የቤታችን ጋራዥ ውስጥ ደረደረቻቸው። አየሁ፤ ግን አልነገርኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰላምታዬን ማድረሴንም አላቋረጥኩም።

ዓመቱ ሞልቶ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ አባቴ መጣ። ከኤርፖርት እናቴ እየነዳች አመጣነው። ጋራዡ ሲከፈት ካርቶኖቹን አይቶ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

«ምነው?» አላት። «ቆይ ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ እንዴ?»

«እኔ? ማን ነው ቆይ ያለህ?»

አባቴ ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ትንሽ አየኝና፣ ሁሉም ነገር ገብቶት፣ ወደ እናቴ ተመለሰ።

«ዝናቡ ነው ያሳሳተኝ» አለ። «ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በደንብ አልሰማሁም።»

«ዝናብ!» ብላ ትታው ገባች። ቅጠሉ ሲረግፍ አባቴ እዚያው ቅርባችን ባለችው ፒችትሪ ኮርነርስ ለብቻው አፓርታማ ተከራየ፤ የዚያን ስልክ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም።

አሁን አድጌ፣ ትዳር በአንዲት ልጅ ውሸት ብቻ እንደማይፈርስ አውቃለሁ፤ ማወቅና ልብን ማሳመን ግን ለየቅል ናቸው። ያኔ ያልተላከ ሰላምታ አደርስ ነበር፤ ዛሬ የተባልኩትን ብቻ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር አደርሳለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ግን ከእናቴ ለአባቴ የሚደርስ ሰላምታ ተልኮ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ቤት ሆኜ ስደውልለት፣ እሷ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ሰላም በይው» አለችኝ። እንዳለችው ነገርኩት። እሱም «አልሰማሁሽም፤ ዝናብ ነው መሰለኝ፤ እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደገምኩለት።